ስለ ትከሻ ሰፊ ዐጥንትና ለጡንቻዎቹ ስለሚመረጠው ልምምድ የተነገረ ንግግር



በአዲስ አበባ ከተማ፥ በአራዳ፥ ቴዎድሮስ አደባባይ የሚባል ስፍራ አለ። በዚያም የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ተተክሏል። እውነተኛው መድፍ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በመቅደላ አምባ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን መድፍ በጋፋት አሠርተው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስወስዱት ክብደቱ 7 ቶን፥ ይኸውም 70 ኩንታል ያህል ነበረና፥ 500 ያህል ሰዎች በሠረገላ እየጐተቱ ስድስት ወር ገደማ ደክመውበታል፤ መቅደላም የደረሰው በ1860 ዓ.ም. ነው። የተበጀ መንገድ ስላልነበረ ድንጋዩ እየተፈለጠ፥ ገደሉ እየተቈረሰ ይኬድ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ከሠራዊታቸው ጋራ በእጃቸው እንደ ሠሩ በጊዜው የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል።

ይህ ታሪክ ዛሬ የተነሣው ስለ ጦርነት ለመናገር አይደለም። በገመድ የሚጐተት ከባድ ነገር ሁሉ አንድ ሕግ ስላለው ነው። በአቀበት ላይ ከፊት የሚስብ ያስፈልጋል። ወደ በሽሎ እንደሚወርደው ባለ ቍልቍለት ግን የሚስብ ብቻ ቢሆን ሠረገላው ይንከባለላልና፥ ከኋላ ጠብቆ የሚይዝ ያስፈልጋል። በጐባጣ መንገድም ከጎን የሚደግፍ ያሻል። ከገመዶቹ አንዱ የላላ እንደ ሆነ ሸክሙ ይዘማል። ያን ጊዜ አለቃው «ሁላችሁም በርቱ» ብሎ ቢጮኽ ጥቅም የለውም፤ የሚስበው ይበልጥ ይስባል፥ የላላውም እንደ ላላ ይቀራል። አስቀድሞ የላላው ገመድ የትኛው እንደ ሆነ ማየት ይገባል። የትከሻም ነገር እንደዚሁ ነው። የዚህም ንግግር ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው፤ ትከሻውን የታመመ ሰው ልምምድ ሳይጀምር የደከመው ጡንቻ የትኛው እንደ ሆነ ይታወቅ፤ ልምምዱም ለዚያው ጡንቻ ይመረጥ።

አራዳ ከጥንት ጀምሮ የሸክም ስፍራ ነበረ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ገበያው ወደ መርካቶ እስኪዛወር ድረስ የከተማው ዋና ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረና፥ እህሉና ጨው በአህያ ጀርባና በሰው ትከሻ ይመጣ ነበር። ዛሬም በከተማው ውስጥ በሸክም የሚያድር ወዛደር ጥቂት አይደለም፤ ከእንጦጦ ዕንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችም አሉ። በገጠርም እንስራ ያዘለች ሴት፥ ነዶ የተሸከመ ገበሬ በየመንገዱ ይታያል። ለእንዲህ ያለ ሰው ትከሻው እንደ እርሻ መሬቱ ነው። ትከሻው ታሞ አንድ ወር ከቤት የዋለ እንደ ሆነ፥ ልጁ ከትምህርት ቤት ቀርቶ በአባቱ ፈንታ ይሸከማል። ስለዚህ ይህ ነገር የሐኪም ብቻ ሳይሆን የመምህርም የሽማግሌም ጕዳይ ነው።

አሁን ስለ አካሉ አሠራር ጥቂት እንዲታወቅ ያስፈልጋል። በግእዝ መትከፍት የሚባለው ትከሻ በጀርባ በኩል አንድ ሰፊ ዐጥንት አለው። ይህ ዐጥንት ጠፍጣፋና ሦስት ማዕዘን ሆኖ ከሁለተኛው ጎድን እስከ ሰባተኛው ጎድን ድረስ ይቀመጣል። ነገር ግን ከጎድኖቹ ጋራ በዐጥንት መጋጠሚያ አልተያያዘም። ክንዱን በጫፉ ይሸከማል፤ ከደረት ጋራ የሚያገናኘው ዐጥንት ግን ከአንገት ሥር በፊት በኩል ጎልቶ የሚታየው ቀጭን ዐጥንት ብቻ ነው። የቀረውን የሚይዙት ጡንቻዎች ናቸው፤ በዚህ ዐጥንት ላይ የሚያያዙት ጡንቻዎችም ቍጥራቸው 17 ያህል ነው። ሰው ክንዱን ከጎኑ አንሥቶ ወደ ሰማይ ሲዘረጋ፥ ከ180 ዲግሪው 120 ያህሉ የክንዱ መጋጠሚያ ሥራ ነው፤ 60 ያህሉ ግን ይህ ሰፊ ዐጥንት በጎድኖቹ ላይ ሲዞር የሚገኝ ነው። እንግዲህ ዐጥንቱ በጊዜው ያልዞረ እንደ ሆነ ክንዱ ብቻውን ይለፋል፤ ድካምና ሕመምም ይከተላል።

ይህን ዐጥንት ከሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች አራቱን ማወቅ ለዛሬው ነገር ይበቃል። አንደኛው ሐኪሞች ሴራተስ የሚሉት ነው። ከጎድኖቹ ጎን እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኖ ይነሣና ከሰፊው ዐጥንት ሥር አልፎ በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ይያዛል፤ ሥራውም ዐጥንቱን ከጎድን ጋራ አጣብቆ መያዝና ወደ ፊት መሳብ ነው። ሁለተኛው ትራፔዚየስ ይባላል። ከማጅራት ጀምሮ እስከ ጀርባ መካከል ይወርዳል፤ ሦስት ክፍልም አለው። የላይኛው ክፍል ትከሻን ያነሣል፥ መካከለኛው ወደ አከርካሪ ይስባል፥ የታችኛው ወደ ታች ይይዛል። ሦስተኛው ሮምቦይድ ነው፤ በአከርካሪና በሰፊው ዐጥንት መካከል ሆኖ ዐጥንቱን ወደ አከርካሪ ያቀርባል። አራተኛው ከፊት በደረት ላይ ያለው ትንሹ የደረት ጡንቻ ነው፤ ይህም የጠበቀ እንደ ሆነ ትከሻውን ወደ ፊት አጥፎ ያጐብጠዋል። እነዚህ ሁሉ ሲተባበሩ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለው ነው። አንዱ ሲሰንፍ ግን የእርሱ ሎሚ በሌላው ላይ ይጫናል፤ ብዙ ጊዜ የሚያመውም የሰነፈው ሳይሆን የሌላውን ድርሻ የተሸከመው ነው። ስለዚህ ያመመውን ስፍራ ብቻ ማሸት በሽታውን ከሥሩ አይነቅለውም።

የላላውን ገመድ ለማወቅ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚያስተውል ዐይንና ትዕግሥት ይበቃል። በሽተኛው ከወገቡ በላይ ልብሱን አውልቆ ጀርባውን ለተመልካቹ ሰጥቶ ይቁም፤ ሴት ብትሆን ሴት ዘመዷ ትመልከታት። መጀመሪያ ሁለት ክንዶቹን በዝግታ አምስት ጊዜ ያንሣ፥ በዝግታም ያውርድ። ተመልካቹ ደኅነኛውን ትከሻ ከታመመው ጋራ ያስተያይ፤ ይልቁንም ክንዱ ሲወርድ ልብ ብሎ ያስተውል፥ ድክመት በዚያን ጊዜ ይገለጣልና። ሁለተኛ፥ በሽተኛው መዳፎቹን በደረቱ ትክክል በግድግዳ ላይ አድርጎ ይግፋ፤ ሰፊው ዐጥንት ከጀርባው ተነሥቶ እንደ ወፍ ክንፍ ቢቆም የደከመው ሴራተስ ሳይሆን አይቀርም። ሦስተኛ፥ በሽተኛው ክንዱን ሲያነሣ ረዳቱ የሰፊውን ዐጥንት የታች ማዕዘን በመዳፉ ይዞ ወደ ጎንና ወደ ላይ በቀስታ ይግፋለት፤ ሕመሙ የቀለለው እንደ ሆነ የዚህን ዐጥንት ጡንቻዎች ማሠልጠን ሊጠቅመው እንደሚችል ምልክት ነው። አራተኛ፥ በሽተኛው ክንዱን ዘና አድርጎ ሳለ ረዳቱ ያንሣለት። በሌላ ሰው እጅም የማይነሣ ከሆነ መጋጠሚያው ራሱ ደርቋል፤ በሌላ ሰው እጅ የሚነሣ፥ በራሱ ኀይል ግን የማይነሣ ከሆነ ጅማት ተበጥሶ ወይም ነርቭ ተጎድቶ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይየው።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ አራት በሽተኞች ይታሰቡ።

የመጀመሪያው ተሸካሚ ነው። ብዙ ቀን ከባድ ጆንያ በትከሻው የተሸከመ፥ ገመዱንም አጥብቆ የጠፈረ ሰው፥ አንዳንድ ጊዜ ወደ ሴራተስ የሚወርደው ረዥም ነርቭ ይጎዳበታል። ግድግዳ ሲገፋ ሰፊው ዐጥንቱ እንደ ክንፍ ይነሣል። ይህን ሰው «ክብደት እያነሣህ አጠንክረው» ማለት ደብዳቤ ያልደረሰውን ሰው ለምን አልመለስህም ብሎ እንደ መቈጣት ነው፤ ነርቩ ካላገገመ ለጡንቻው ትእዛዝ አይደርሰውምና። ማገገሙ ከጥቂት ወራት እስከ ሁለት ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ ብዙዎችም ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻላቸዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ሸክሙ ከትከሻው ይውረድ። በጀርባው ተኝቶም በደኅነኛው እጁ የታመመውን ክንድ እየደገፈ ያንሣ፥ መጋጠሚያው እንዳይደርቅ። ኀይሉ መመለስ ሲጀምር እንደ ተኛ ክንዱን ወደ ጣራ ዘርግቶ፥ ክርኑን ሳያጥፍ፥ ጣራውን እንደሚገፋ ሰው ትከሻውን ከመኝታው ያንሣ። ይህ ሲቀለው ቆሞ ግድግዳ ይግፋ፤ ክርኑን ሳያጥፍ ደረቱን በትከሻዎቹ መካከል ያስጠጋ፥ ከዚያም ጀርባው ጥቂት እስኪጐብጥ ድረስ ግድግዳውን ከራሱ ያርቅ። ከግድግዳ ወደ ጠረጴዛ፥ ከጠረጴዛ ወደ መሬት መውረድ የኋላ ኋላ ይመጣል።

ሁለተኛው መምህር ነው፤ ወይም ብራናውን በጕልበቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፍቶ የሚውል ቁም ጸሐፊ። መምህሩ ደብተር ሲያርም ይጐብጣል፤ በሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ደግሞ ክንዱን አንሥቶ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ትከሻው ወደ ጆሮው ይነሣል፥ ማጅራቱ ይጠጥራል፥ ማታም ያመዋል። ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለው ሰው የላይኛው ትራፔዚየስ ከልክ በላይ ይሠራል፥ የታችኛው ይሰንፋል፥ የፊቱም የደረት ጡንቻ ያጥራል። ለእርሱ የሚመረጠው አስቀድሞ ፊቱን ማላላት ነው። ክንዱን በበሩ መቃን ላይ አስደግፎ ደረቱ እስኪሳብ ድረስ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይራመድ፤ 30 ሴኮንድ ያህል ይቆይ፥ ሦስት ጊዜም ይድገመው። ቀጥሎ በመደብ ወይም በአልጋ ላይ በሆዱ ይተኛና ክንዶቹን በጎኑ እንደ ዘረጋ ጥቂት ከፍ ያድርግ፤ ሲቀለውም ክንዶቹን እንደ መስቀል ወደ ጎንና ጎን ዘርግቶ፥ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አድርጎ ያንሣ። ደግሞ በጎኑ ተኝቶ፥ የላይኛውን ክንድ ክርኑን አጥፎ ከጎኑ ጋራ አጣብቆ፥ ከክርኑ እስከ እጁ ያለውን ብቻ ወደ ላይ ያንሣ። እነዚህ የተመረጡበት ምክንያት የታችኛውንና የመካከለኛውን ክፍል እያሠሩ የላይኛውን ስለሚያሳርፉት ነው። በእጁ ክብደት ይዞ ትከሻውን ወደ ጆሮው መነቅነቅ ግን ለዚህ ሰው አይመረጥለትም፤ የደከመውን ትቶ የበዛበትን ማብዛት ነውና።

ሦስተኛው በአንገቱ ጎን ቍስል ወይም ቀዶ ሕክምና የነበረበት ሰው ነው። በአገራችን የእጢ ቲቢ ብዙ ሰው ይይዛል። የአንገት እጢ ሲወጣ፥ ይልቁንም ያልተማረ እጅ ሲቈርጠው፥ ወደ ትራፔዚየስ የሚሄደው ነርቭ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ትከሻው ይወድቃል፤ ክንዱንም ወደ ጎን ማንሣት ያቅተዋል። ነርቩ ተቈርጦ ከሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ ቢጠገን ይሻላልና ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ። ልምምድ የተፈቀደለት እንደ ሆነ ግን፥ ክንዱን በጠረጴዛ ላይ አሳርፎ ትከሻውን ወደ ጆሮው በቀስታ ማንሣት ለእርሱ ከመጀመሪያዎቹ ልምምዶች አንዱ ነው። እንግዲህ ልብ ይሏል፤ ለመምህሩ የተከለከለው ለዚህ ሰው ተመረጠለት። እንቅስቃሴው አንድ ነው፤ ለአንዱ መድኃኒት፥ ለሌላው ጕዳት መሆኑ ግን በምርመራ ታወቀ።

አራተኛው ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ፥ ምናልባትም የስኳር በሽታ ያለበት፥ ትከሻው ቀስ በቀስ የደረቀበት ሰው ነው። ክንዱን ሊያነሣ ሲሞክር ሰፊው ዐጥንት ወደ ላይ ይዘላል፤ ተመልካችም የዐጥንቱ ጡንቻ የታመመ ይመስለዋል። ነገር ግን ክንዱን ሌላ ሰው ቢያነሣውም አይነሣም። በዚህ ሰው ሰፊው ዐጥንት ጥፋተኛ አይደለም፤ የደረቀውን መጋጠሚያ ሥራ እያገዘ ነው እንጂ። ለእርሱ የሚመረጠው መጋጠሚያውን የሚያፍታታ ልምምድ ነው። ጐንበስ ብሎ ክንዱን እንደ ጽና ማወዛወዝ፥ ጣቶቹን በግድግዳ ላይ እያስኬደ መውጣት፥ በሁለት እጁ መቋሚያ ወይም ዱላ ይዞ በደኅነኛው እጅ ኀይል የታመመውን ማንሣት ነው።

የልምምዱ ዐይነት ከታወቀ በኋላ መጠኑ ደግሞ ይታወቅ። ሰው ከአንዱ እንቅስቃሴ 10 ጊዜ ያህል ሠርቶ ይረፍ፤ እንደ ገና ይድገም፤ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይበቃል። በሚሠራበት ጊዜ ጥቂት ሕመም ቢሰማው አያስፈራም፤ በማግሥቱ ጧት ግን ሕመሙ ብሶ የተገኘ እንደ ሆነ መጠኑን በግማሽ ይቀንስ። ሦስት ዙር 15 ጊዜ ሠርቶ ትከሻው ወደ ጆሮው ሳይዘል፥ ዐጥንቱም እንደ ክንፍ ሳይነሣ የጨረሰ እንደ ሆነ፥ ያን ጊዜ ክብደት ይጨመርለት። ለዚህም ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ፥ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ያህል ነውና፥ ለመጀመሪያ ይበቃል፤ ከመኪና ጎማ ውስጥ የወጣ ላስቲክ በምሰሶ ላይ አስሮ ወደ ራስ መሳብም ጥሩ ነው። ነርቭ ባልተጎዳበት ሰው መሻሻል የሚጠበቀው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በሳምንት ልዳን የሚል ሰው ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ይደርስበታል።

ወደ ሥራ መመለስም እንደዚሁ በደረጃ ይሁን። ተሸካሚው መጀመሪያ ከቀድሞው ሸክም ግማሹን ይያዝ፤ ሸክሙን ወደ ሰውነቱ ያስጠጋ፤ ትከሻ ይቀያይር፤ ከገመዱም በታች ሰፊ ጨርቅ ያድርግ። በዚህ ነገር ሽማግሌዎች ከሐኪም የማያንስ ሥልጣን አላቸው። በደቦና በጅጊ ጊዜ ትከሻው ገና ያልጸናውን ሰው ከሸክም አውጥተው ቀላሉን ሥራ ቢሰጡት፥ ሰውዬው ሰነፍ ተባልሁ ብሎ ከማፈር ይድናል። ብዙ ሰው ያገገመውን ትከሻ እንደ ገና የሚሰብረው ይህን ስም ፈርቶ ነውና።

ስለ ወጌሻም መናገር ይገባል። ወጌሻ በአገራችን ከጥንት የነበረ ባለ ሙያ ነው፤ ለወለምታ ስንቱ ተጠቅሞበታል። ነገር ግን ሰፊው ዐጥንት እንደ ክንፍ ሲነሣ ዐጥንቱ ከስፍራው የወጣ ይመስላል እንጂ የወጣ ነገር የለም፤ ያዢው ደክሞ ነው። ስለዚህ መጐተትም፥ መጫንም፥ በገመድ ማሰርም አይመልሰውም፤ አጥብቆ ማሰር ይልቁን ደም እንዳይዘዋወር ከልክሎ ሌላ መከራ ያመጣል። አስተዋይ ወጌሻም ይህን የተረዳ እንደ ሆነ በሽተኛውን ራሱ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካል።

ደግሞ ከትከሻ የማይነሣ የትከሻ ሕመም አለ። ደረቱን ጨምድዶ ወደ ግራ ክንድ የሚወርድ፥ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋራ የሚመጣ ሕመም የልብ ሊሆን ይችላልና አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም። ትኵሳት፥ የሌሊት ላብ፥ ክሳት ወይም ደም ያለው ሳል ያለበት፥ ክንዱ የደነዘዘ፥ እጁ የዛለ፥ ወይም ከመውደቅ በኋላ ክንዱን ማንሣት ያቃተው ሰው በልምምድ አይፈተን፤ ወደ ሐኪም ይወሰድ። የጤና ጣቢያው ሐኪም ወደ ሆስፒታል የላከው እንደ ሆነ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሊያየው ይችላል። ይህ ሙያ ዛሬ በአገራችን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ትምህርት ነው።

መምህራን በትምህርት ቤት ማድረግ የሚችሉት ብዙ ነው። በጧት ሰልፍ አምስት ደቂቃ ያህል ተማሪዎቹ ክንዳቸውን በዝግታ እንዲያነሡና እንዲያወርዱ፥ ግድግዳ እንዲገፉ፥ ደረታቸውን እንዲከፍቱ ቢያስለምዱ ወጪ የለውም። ከዚህ የሚበልጠው ግን መምህሩ በዚያች ጊዜ ከኋላ ቆሞ መመልከቱ ነው። ውሃ የምታመላልስ ልጅ አንዱ ትከሻዋ ወድቆ፥ ጆንያ የሚሸከም ልጅ ሰፊው ዐጥንቱ ተነሥቶ ቢያይ፥ ወላጆቹን ጠርቶ ይንገር። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፥ በመጀመሪያው ወር የታየ ድካም በትንሽ ነገር ይመለሳል።

በቴዎድሮስ አደባባይ የሚያልፍ ሰው ያን የመድፍ አምሳያ ሲያይ ትልቅነቱን ያደንቃል። የሚደነቀው ግን የብረቱ ክብደት ብቻ አይደለም፤ 500 ሰው በአንድ ልብ ገመዱን ይዞ፥ የሚስበው በጊዜው ስቦ፥ የሚይዘውም በጊዜው ይዞ፥ ያን ሁሉ ገደል ማለፉ ነው። የሰው ትከሻም በየቀኑ እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራል። የታመመ ትከሻ ያለው ሰው ወደ መምህር ወይም ወደ ሽማግሌ በመጣ ጊዜ «ምን ያህል ታነሣለህ?» ተብሎ አይጠየቅ፤ ጀርባውን አዙሮ ይታይ፥ የላላው ይፈለግ፥ ለላላውም የሚስማማው ይመረጥለት። ሸክሙ ከሁሉ በኋላ ይመጣል።

እግዚአብሔር ለሠራተኛው ሁሉ ጤናና ጕልበት ይስጥልን።